ክረምቱን ደቅ ደሴት ቤት ልንሠራ አስበናል፤ የምታውቁ ምከሩን

የማርቆሷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው። አሥራ አንድ ጓደኛሞች ነን፤ ሰባት ሴት፣ አራት ወንድ። ግቢ ሲዘጋ ክረምቱን እቤት ቁጭ ብለን ስልክ ስንነካካ ከምናሳልፈው አንድ የረባ ነገር እንሥራ ተባባልን።

ሐሳቡ የመጣው ከአንዷ ጓደኛችን ነው። አያቷ ያሉት ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት ነው። አምና ልትጠይቃቸው ሄዳ ጎረቤታቸውን አየች። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ቤታቸው ወደ አንድ ጎን ዘሟል፣ የሳር ክዳኑ አርጅቶ ሰማይ ያሳያል፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ቁርበታቸውን እየጎተቱ ደረቅ ቦታ ይፈልጋሉ። ከነገረችን ጀምሮ ማታ ዝናብ ሲጥል እሳቸው ትዝ ይሉኛል። አይቻቸው አላውቅም፣ ግን ትዝ ይሉኛል።

ሰፈር ለሰፈር ዞረን ትንሽ ብር አሰባስበናል። እቅዳችን የእሳቸውን ቤት ጨምሮ ሦስት ቤት መሥራት ነው። ሐምሌንና ነሐሴን እዚያው እንቆያለን። ችግሩ ከመካከላችን ቤት ሠርቶ የሚያውቅ የለም። በክረምት ጭቃ ይያዛል ወይ? ቆርቆሮውን ከባሕር ዳር ጭነን እንሂድ ወይስ እዚያ ይገኛል? ሴቶች የማንገባበት ቦታ አለ ሲባልም ሰምቻለሁ፤ የት ነው?

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ካቻምና ከአንድ ቡድን ጋር ለክረምት በጎ ፈቃድ ወጥቼ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ የአንዲት እናት ግድግዳ ቀባን፣ ቲሸርት ለብሰን ፎቶ ተነሳን፣ ተመለስን። በራቸው ግን ማጠፊያው ተነቅሎ በገመድ ነበር የታሰረው። ማንም አላየውም። እኔ አይቼዋለሁ፣ ግን አልተናገርኩም። ስንሄድ «መቼ ትመለሳላችሁ?» አሉን። እስካሁን ይከነክነኛል። አሁን ያንን መድገም አልፈልግም። ሰዎቹን በእውነት ማወቅ፣ መወዳጀት እፈልጋለሁ። እንዴት ነው የሚደረገው?

የዳንግላ ልጅ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። በ2009 ክረምት እኔም ደቅ ነበርኩ። ስምንት ልጆች ሆነን አንድ ቤት ከመሠረቱ ሠርተናል፣ ሌላ አንድ ጠግነናል። ስድስት ሳምንት ቆየን።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። የምናድረው ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። ፓስታችንን ራሳችን ቀቅለን እንበላለን፣ እርስ በርሳችን እናወራለን፣ ሰዉ ሲያልፍ ሰላምታ ይሰጠናል፣ በቃ። ማንም ክፉ አልሆነብንም። እንግዳ ነበርን ግን። እኛ ደግሞ ለእነሱ እየሠራን ስለሆነ የተወዳጀን ይመስለን ነበር።

ያገናኘን ጭቃው ነው። አፈር ቆፍረን፣ ውኃ አፍስሰን፣ ጭድ በትነን፣ ያኑ ቀን ምርጊት ጀመርን። አንድ አዛውንት፣ ኋላ ላይ ሁላችንም «አያ» እያልን የጠራናቸው፣ ቆመው ሲያዩን ቆዩና ከዘራቸውን አስደግፈው ጫማቸውን አወለቁ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቀለሉ። ጭቃው ውስጥ ገብተው በተረከዛቸው ወጋ ወጋ አደረጉትና «ይሄ ገና ጥሬ ነው፤ ሊጡ ሳይቦካ ትጋግራላችሁ?» አሉን። ጭብጥ አንስተው ግድግዳው ላይ ወረወሩት። ማገሩን ነክቶ ተንሸራቶ ወረደ። ምንም አልተናገሩም፤ ዝም ብለው አዩን።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ረገጥነው። ውኃ እየጨመርን፣ ጭድ እየጨመርን፣ እየገለበጥን። በሳምንቱ ሽታው ራሱ ተለወጠ፤ ጎምዘዝ ያለ፣ እንደ ቡሖ። በእግር ሲረገጥ ልስልስ ይላል፣ ግድግዳ ላይ ሲወረወር ይጣበቃል። በጣት አትጠፍጥፉት፣ በመዳፋችሁ ሥር ግፉት ብለው አሳዩን። ጭቃው በማገሩ መካከል አልፎ በወዲያኛው በኩል ሲወጣ፣ ወዲያ ማዶ የቆመው ሰው ተቀብሎ መልሶ ይጫነዋል። እኔ በዚህ፣ የአያ የልጅ ልጅ በዚያ ሆነን ሁለት ቀን ሠራን። በግድግዳው ቀዳዳ ነበር የምናወራው። ጭቃው ከፍ እያለ ሲሄድ ፊቱ እየጠፋ ሄደ፣ ድምፁ ብቻ ቀረ። ያ ልጅ ዛሬ ወንድሜ ነው። ሚያዝያ ላይ ሳገባ ሐይቁን አቋርጦ፣ ማንጎ በጆንያ ተሸክሞ ዳንግላ ድረስ መጣ።

ስለዚህ ምክሬ፦ ምግባችሁን ለብቻ አትብሉ። የሚያሠራችሁ ሰው ካለ ደግሞ እሽ በሉና ተማሩ። በክረምት ጭቃ ይያዛል፣ እኛ ይዘናል።

አናጢ ነኝ፣ ከፍኖተ ሰላም፦

ልጄ፣ ሐሳባችሁ ደስ የሚል ነው፤ እግዚአብሔር ይርዳችሁ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ ስለቆየሁ የማውቀውን ልበል። ከላይ የጻፈው ወንድማችን ስለ ማቡካቱ ያለው ልክ ነው። «በክረምት ጭቃ ይያዛል» ያለው ግን ሳይብራራ ሊወሰድ አይገባም።

የጣና አካባቢ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ የሚብሰው ደግሞ እናንተ በመረጣችሁት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጭቃ ዝናብ ካገኘው ይታጠባል፣ ፀሐይ ካላገኘ ደግሞ አይደርቅም። እርጥብ ግድግዳ ላይ ሁለተኛ እጅ ከደረባችሁ መስቀል ሳይደርስ ይላቀቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። መጀመሪያ ቋሚ፣ ቀጥሎ ጣሪያ፣ ከጣሪያ በኋላ ምርጊት። ክፈፉን ከግድግዳው ወደ ውጭ አንድ ክንድ ከስንዝር አስወጡት፤ ያ ነው ግድግዳውን ከዝናብ የሚጠብቀው። ልስኑን ተዉት። ልስን የበጋ ሥራ ነው፣ በጥር ተመልሳችሁ ብትለስኑ ይሻላል።

የዘመመውን ቤት በተመለከተ፣ ሳታዩ አታፍርሱ። ብዙ ጊዜ የሚያዘመው ግድግዳው አይደለም፣ ከመሬት በታች ያለው የቋሚው እግር ነው። ምስጥና እርጥበት ይበሉታል። በባላ ደግፋችሁ፣ አንድ ቋሚ አውጥታችሁ አንድ እየተካችሁ ከሄዳችሁ ቤቱ ሳይፈርስ ይነሳል። ሁለት ቋሚ በአንድ ጊዜ እንዳታወጡ! ባህር ዛፉን ልጡን ልጣችሁ፣ የሚቀበረውን ጫፍ እሳት ላይ ጠቆር እስኪል ለብልቡት ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቡት። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ቢያንስ ጥቂት ወር ቀደም ብሎ የተቆረጠ ፈልጉ።

ሌላው ጭድ ነው። የጤፍ ጭድ የሚገኘው ከውቂያ በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። ሐምሌ ላይ ያለው ሰው ለከብቱ ያስቀመጠው ብቻ ነው። ቤት ልሥራ ብላችሁ የሰው ከብት እንዳታስርቡ። ከአሁኑ ገዝታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ።

ቆርቆሮ ስትመቱ ሚስማሩ በጀርባው፣ ከፍ ባለው በኩል ይመታ፣ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳው በኩል አይመታ። የሚስማሩ ጎማ አይረሳ። ከቤቱ ዙሪያ ቦይ ቆፍሩ። ብዙ ሰው ቦይን ይንቃል፤ እኔ ግን ከፈረሱ ቤቶች ስንቱን አይቻለሁ፣ ጣሪያው ደህና ሆኖ ከሥር ውኃ የበላው።

ደግሞም ሦስት ቤት ይበዛባችኋል። ልምድ ለሌላችሁ አሥራ አንድ ልጆች አንዱን በደንብ መሥራትና ሁለት ቤት ላይ የጎደለውን መሙላት በቂ ነው። በሩንም ጭምር። በአካባቢው አናጢ አይጠፋም፤ እሱን ቅጠሩ፣ እናንተ አቀብሉት።

የደቅ ተወላጅ፦

ተወልጄ ያደግኩት ደቅ ነው። አሁን ባሕር ዳር እሠራለሁ፣ ወላጆቼ እዚያው ናቸው። የሦስታችሁንም አንብቤ ልቤ ተነካ። ጥቂት ነገር ልጨምር።

እህቴ፣ «ለእነሱ እንሠራለን» ብለሽ አትምጪ። በእኛ ዘንድ ሥራ በወንፈል ነው። እኔ ዛሬ ላንተ እሠራለሁ፣ አንተ ነገ ለእኔ ትሠራለህ። ቤት ሲሠራም፣ እህል ሲታጨድም፣ ሁሉም እንደዚያ ነው። እናንተ መጥታችሁ የሰው ቤት ብቻ ስትሠሩ ሰዉ ምን እንደሚመልስላችሁ ስለማያውቅ ይጨነቃል። ሰላም ብሎ የሚያልፋችሁ ጠልቷችሁ አይደለም፤ ባዶ እጁን ሆኖ ነው።

ሐምሌ ለእኛ የአረም ወር ነው። ዳጉሳው፣ ጤፉ፣ በቆሎው ሁሉ በአንድ ጊዜ እጅ ይፈልጋል። በቤቱ ሥራ ሊያግዛችሁ የሚገባው ጎልማሳ ማሳ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሁለት ቀን ቤት ከሠራችሁ አንድ ቀን አረም ውረዱ። በተለይ ሴቶቹ፣ ከእናቶቻችን ጋር። አረም ላይ ጎንበስ ብለሽ ጎን ለጎን ስትሄጂ ወሬው ራሱ ይመጣል፣ ማንም አያስተዋውቅሽም። ወሬው ሲያልቅ ዘፈን አለ። በማግስቱ ታያላችሁ፣ ሃያ ሰው ሳትጠሩት ጭቃ ሊረግጥ ይመጣል። የዳንግላው ወንድሜ በጭቃ ተገናኘን ያልከው እውነት ነው፤ ያቺ ዓመት ግን አያ እረፍት ላይ ስለነበሩ ዕድለኞች ነበራችሁ።

ነሐሴ አንድ ፍልሰታ ይገባል። አሥራ አምስቱን ቀን ትንሽ ልጅ ሳይቀር ይጾማል፣ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው የሚወጣው። ሥራ ቀርቶ አይደለም፣ ግን ቀስ ይላል። እናንተ ብትጾሙም ባትጾሙም የራሳችሁ ጉዳይ ነው፤ በቀን ሰው ፊት አትብሉ እንጂ። ዓሣ ከብዙ ቤት አይጠፋም፣ በጾሙ ግን አብዛኛው ሰው ስለማይበላው ሽሮና ድንች ይበዛል። በቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ሊሉላችሁ ይመጣሉ። ሙልሙል ባይኖራችሁ እንኳ የምትሰጡት ነገር አዘጋጁ። እማማ ወይ እመይ የምትሏቸው እናት ጠላ ቀድተው ከሰጧችሁ አትመልሱ፤ ባትጠጡት እንኳ ተቀብላችሁ ከንፈራችሁን አስነኩት።

ሴት የማይገባበት ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አስከሬን ያለበት ገዳም፣ ከደቅ አጠገብ ያለ ሌላ ደሴት ነው። ጀልባችሁ በዚያ ቢያልፍ ወንዶቹ ይወርዳሉ፣ እናንተ ትቆያላችሁ። ናርጋ ሥላሴ ግን እኛው ደቅ ላይ ነው፣ ሴትም ወንድም ይሳለማል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ናቸው ያሠሯት። ሴት ያሠራቻትን ቤተ ክርስቲያን ሳታዩ እንዳትመለሱ፤ እኔ በልጅነቴ ሥዕሎቿን ቆሜ ሳይ ሰዓት ይሄድብኝ ነበር።

በመጨረሻ፣ የማንን ቤት እንደምትሠሩ እናንተ አትምረጡ። ሽማግሌዎቹንና ቄሱን ጠይቁ። ቤታቸው የሚሠራላቸውን እናት ደግሞ ራሳቸውን ጠይቋቸው። ሁሉም ሰው ቆርቆሮ አይፈልግም። እናቴ ሳር ክዳንን ትመርጣለች፣ በጋ ላይ ቀዝቃዛ ነው፣ ዝናብ ሲጥልም አይጮህም። ግን የክዳን ሳር የሚታጨደው ኅዳር አካባቢ ስለሆነ እሳቸው ሳር ካሉ ለዚህ ክረምት ሸራ አልብሳችሁ፣ ለኅዳር ቀጠሮ መያዝ ነው።

ሐይቅ ዳር፦

ስለ ጉዞው ላስገባ። በጠዋት ተነሱ። ጣና ጠዋት ዝም ያለ ነው፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ሌላ ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ሁለት ሦስት ሰዓት ያዙ፣ ጭነት ካለ ከዚያም በላይ። ቆርቆሮና ሰው አንድ ጀልባ ላይ አታድርጉ። ቆርቆሮውን ጠፍራችሁ እሰሩት፤ ነፋስ ከገባው እንደ ክንፍ ነው የሚነሳው። ሕይወት አዳኝ ጃኬት ለሁላችሁ ሳይኖር አትሳፈሩ፣ ባለ ጀልባው ቢቆጣም። የደንገል ታንኳ ላይ ልሞክር ካላችሁ ባለቤቱ አብሯችሁ ይሁን፣ ዳር ዳሩን ብቻ።

ሐይቁ ዳር ባዶ እግር አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ። ለጭቃ የሚሆነውን ውኃ የሚቀዳው ሰው ቦቲ ጫማ ያድርግ። የምትጠጡትን አፍሉ። አጎበር ያዙ፣ ወባ ዝናቡ ቀለል ሲል ነው የሚብሰው። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን ባሕር ዳር ካለ ሰው አጣሩ። ካልሆነ አንድ ሳምንት ብትዘገዩ ምንም አይጎድልም።

የማርቆሷ፦

እንዴት ብዬ ላመስግናችሁ። ትናንት ማታ ለሁሉም ጓደኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

አናጢው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስቱን ወደ አንድ አውርደናል፤ የእሳቸውን ቤት እናቆማለን፣ ለሁለት ቤት ደግሞ ጣሪያና ቦይ። ጭዱን ሰኞ እንገዛለን። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፦ ከመካከላችን ሁለቱ ቀደም ብለው በሰኔ ቢሄዱና ቢያዩ ይጠቅማል?

የደቁ ወንድሜ፣ የወንፈሉን ነገር ስታነሳ ካቻምና የከነከነኝ ምን እንደነበር አሁን ገባኝ። እኚያ እናት «መቼ ትመለሳላችሁ» ያሉን በሩን ፈልገው መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ቡና ሊያፈሉልን ነበር። ውኃ ጥደው ነበር እኮ፣ እኛ መኪናው ቆሟል ብለን ወጣን። አረም አርሜ አላውቅም፣ ግን እወርዳለሁ። ሰባታችንም እንወርዳለን።

አናጢ ነኝ፣ ከፍኖተ ሰላም፦

በጣም ይጠቅማል እንጂ። ሁለቱ ይሂዱ። ገመድ ይዘው የቤቱን ርዝመትና ስፋት ይለኩ፣ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ከሥራቸው በሹል ብረት ይውጉ። ብረቱ ከገባ በስብሷል፣ ካልገባ ደህና ነው። የበሰበሱትን ቆጥረው ይላኩልኝ፣ ስንት እንጨትና ስንት ኪሎ ሚስማር እንደሚበቃ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ። የበሩን ስፋትም ይለኩ። በሩን እኔ ፍኖተ ሰላም ሠርቼ ባሕር ዳር ድረስ በመኪና እልክላችኋለሁ፤ ማጠፊያውንም ጭምር። ለዚህ ገንዘብ አታስቡ።

የማርቆሷ፦

ጋሼ፣ ቃል አጣሁ። ሁለቱ ሰኔ 20 ይነሳሉ። አንዷ ጓደኛችን ናት፣ ባለ አያቷ።

የደቅ ተወላጅ፦

እህቴ፣ አያቷ ያሉት ከናርጋ ወዲህ፣ ትልቁ ዋርካ አጠገብ ከሆነ እኚያን እናት አውቃቸዋለሁ። ልጅ ሆነን ከትምህርት ቤት ስንመለስ በደጃቸው እያለፍን ቆሎ ይዘግኑልን ነበር። ቤታቸው እንዲህ መሆኑን ግን አልሰማሁም፤ ከወጣሁ ቆየሁና አልጠየቅሁም። አፈርኩ።

ዛሬ ለአባቴ ደወልኩ። ሁለቱ ልጆች ሲመጡ ወደብ ድረስ ወርዶ ይቀበላቸዋል፣ ማደሪያውም እኛ ቤት ነው። እመይ አሁንም አንዲት ቁራጭ የዳጉሳ ማሳ አለቻቸው አለኝ፤ አምና የሚያርምላቸው ጠፍቶ ግማሹ በአረም ተውጦ ቀረ። ዘንድሮ ዘርተዋል። እኔም የዓመት ፈቃዴን ሐምሌ ላይ አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ እዚያ ማሳ ላይ እንገናኝ፣ ቤቱ ከዚያ ይቀጥላል።